ጆሮውን ለአንዱ፣ ዓይኑን ለሌላው አናከፋፍል

ወገኖች፣ ታማሚው አንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን ገነጣጥለን እያከምነው ነው። ጆሮው ቀልቶና አብጦ ትራስ መንካት ሲያቅተው አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ዓይኑ ደም ሲመስል ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ጠብታ ይቀበላል። ጉልበቱ ሲያብጥ ሌላ ካርድ ያወጣል። ድምፁ ሲጎረንን ጉንፋን ነው ይሉታል። ሁሉም ያየውን አክሟል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ግን የለም። ዓመታት የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው።

እነዚህን ምልክቶች የሚያገናኘው በሽታ ሪላፕሲንግ ፖሊኮንድራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ካርቲሌጅ፣ ማለትም የጆሮን፣ የአፍንጫን፣ የአየር ቧንቧንና የመገጣጠሚያን ለስላሳ አጥንት ይወጋል። ዓይንንም አይምርም። በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ለይቶ የሚያሳይ አንድም የደም ምርመራ የለውም። የሚታወቀው በማየት፣ በመጠየቅና ምልክቶቹን በማገናኘት ነው። ጆሮው ሁሉ ቀልቶ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ጫፍ ብቻ ደህና ከሆነ ጠርጥሩ፤ ያ ጫፍ ካርቲሌጅ የለውም። ቆዳ ሲመረዝ ግን ጫፉም አይተርፍም።

ታማሚዎች ሆይ፣ ጆሮው በቀላበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ መልኩ ይመለሳልና። ዓይናችሁ የቀላበትን፣ ድምፃችሁ የጎረነነበትን ቀን በአንድ ደብተር ጻፉና ለእያንዳንዱ ሐኪም አሳዩ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የአየር ቧንቧ ሲጠብ ሕይወት ይነጥቃል። ቀዶ ሕክምና ከታዘዘላችሁም ለሰመመን ባለሙያው ስለ በሽታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሐኪሞቻችን፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል ተቆጥቶ ስታዩ ስለ ጆሮው ጠይቁ፤ ጆሮውን ስታዩ ስለ ጉልበቱና ስለ ትንፋሹ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ ሜቶትሬክሴት ወይም አዛቲዮፕሪን ሊከተል ይችላል፤ ለከበደው ደግሞ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች አሉ። ቲቢ በበዛበት አገራችን እነዚህን ከመጀመር በፊት የተደበቀ ቲቢ መፈተሽ አይታለፍ። ለዚህ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ቀኑን በፓኬቱ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ሳምንታት የወሰደ ሰውም መድኃኒቱ ስላለቀ ብቻ በድንገት ማቆም የለበትም። ይህን ምክር ሰጥተን መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ከጠፋ ግን ምክራችን ከንቱ ነው፤ አቅርቦቱ እንዳይቋረጥ ታማሚና ሐኪም አብረው ይጠይቁ።

ታማሚው ጥቂት ነውና ድምፁ አይሰማም፤ ስለዚህ ብቻውን አይቅር። የሉፐስና የሌሎች መሰል በሽታዎች ታማሚዎች ባሉበት ተቀላቅላችሁ ማኅበር መሥርቱ፤ ማኅበሩም የመድኃኒቱን እጥረት በስም፣ በቀንና በከተማ ይመዝግብ። በውጭ አገር የምትሠሩ ሐኪሞች፣ አገር ቤት ካለ ባልደረባችሁ ጋር በወር አንድ ሰዓት በስልክ ስለ አስቸጋሪ ታማሚ ተመካከሩ።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እምብዛም የማይታዩ በሽታዎች ቀን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይታሰባል። እስከሚቀጥለው ድረስ በየሆስፒታሉ የጆሮ፣ የዓይንና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት አንድ ከሰዓት በወር ይወሰን፤ ታማሚውም አንድ ካርድ ይዞ ይግባ።