ቆሞ ሸራ የጨረሰ መኪና የለም፤ ስለ አውቶ ሆልድ ለሚነገረው ምላሽ

አውቶ ሆልድ፣ ማለትም መኪናው ሲቆም እግር ቢነሳም ፍሬኑን ይዞ የሚያቆይ አገልግሎት፣ ያላቸው መኪኖች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዝተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከቻይና በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ አገልግሎት አላቸው። ከመኪኖቹ ጋር አንድ ፍርድም አብሮ ተስፋፍቷል። ነባር ሾፌሩም መካኒኩም የሚለው ተመሳሳይ ነው፦ ሆልድ የፍሬን ሸራ ይበላል፣ እግር ያሰንፋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጉድ ይሠራል፤ ስለዚህ አጥፍቶ በእግር መያዝ ይሻላል። በእኔ እይታ ከሦስቱ ክሶች የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ሦስተኛው እውነትነት ቢኖረውም አደጋው ከሌለበት ቦታ የተፈለገ ነው።

ከሸራው እንጀምር። ሆልድ ራሱን የቻለ ሌላ ፍሬን አይደለም። መኪናው ፍጹም ሲቆም፣ ኤቢኤስ የሚሠራበት የቫልቭ ክፍል እግራችን በፍሬን ዘይቱ ላይ የፈጠረውን ግፊት እዚያው ዘግቶ ያስቀረዋል። እግር ቢነሳም ሸራው ዲስኩን እንደጨመቀ ይቆያል፤ ነዳጅ መስጫው ሲነካ ቫልቩ ይከፈትና መኪናው ይለቀቃል። ሸራ የሚያልቀው ደግሞ ዲስኩ እየዞረ ሲፍቀው ነው። ጎማ ካልዞረ መፋፋቅ የለም፤ መፋፋቅ ከሌለ የሚበላ ነገር የለም። ሸራ በርግጥ የሚበላው ሰልፍ ላይ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ በግማሽ ጭኖ ሲንፏቀቅ የሚውለው ሾፌር ነው። ሞተሩ ይገፋል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ በመካከል ሸራው ይከሳል።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎች የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በፍሬን ብቻ ወርዶ ዲስኩ በጋለበት ሰዓት ሸራውን አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ ማቆም ጥሩ አይደለም፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ምልክት ትቶ በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ግን ይህ በእግር ሲያዝም ያው ነው። መፍትሔው በከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ ሆልድን መውቀስ አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ስንፍና ነው። እግር ፍሬን ላይ መዋሉ የንቃት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። እግር ግን ይደክማል፤ ስልክ ሲጮህ፣ ልጅ ከኋላ ሲያለቅስ፣ የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ስንጎነበስ ሳናውቀው ይላላል። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ እግር እንደላላ ወደፊት መሄድ ይጀምራል፤ ከፊቱ ያለው ብዙ ጊዜ ዜብራ የሚሻገር እግረኛ ነው። ከኋላ ስንገጭማ ይብሳል፤ በግጭቱ እግራችን ከፍሬኑ ሊነቀል ይችላል፣ የተዘጋው ግፊት ግን መኪናውን እንደያዘ ይቆያል። በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰውም ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ ለመነሳት የሚረዳው ሌላው አገልግሎት የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ግማሽ እውነቱ ያለው ልማድ ላይ ነው። ሆልድ የለመደ ሾፌር ሆልድ የሌለው መኪና ሲይዝ ቀይ መብራት ላይ እግሩን ያነሳል፤ መኪናውም ይሄዳል። በራሱ መኪናም ቢሆን ሞተር ጠፍቶ ሲነሳ አገልግሎቱ አብሮ የሚጠፋባቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። ቁልፉን ተጭኖ ማብራት ማለት መኪናው ይዟል ማለት አይደለም። በቶዮታ መኪኖች አረንጓዴው ምልክት ዝግጁ መሆኑን ብቻ ያሳያል፤ መያዙን የሚናገረው ቢጫው ነው። በሌሎች መኪኖች ቀለሙ ይለያይ እንጂ ዝግጁ መሆንና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መያዙን የሚያሳየው ምልክት ሳይበራ እግሩን የማያነሳ ሾፌር ንቃቱን አላጣም፤ ንቃቱ ከእግሩ ወደ ዓይኑ ተዛወረ እንጂ።

ሦስተኛው ክስ ጉድ ይሠራል የሚለው ነው። በርግጥ ሆልድ ከመኪና የሚወረድበት ፍሬን አይደለም። ሾፌሩ መቀመጫው ላይ መኖሩን የሚያውቀው በቀበቶውና በበሩ ነው። ቀበቶ ሲፈታ ወይም ጊዜው ሲረዝም ወደ ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያስተላልፋል፤ በቶዮታ 3 ደቂቃ፣ በሆንዳ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀበቶ ማስጠንቀቂያውን ጩኸት ለማምለጥ ቀበቶውን ከጀርባው ያሰረ ሾፌር ይህን ዘዴ በከፊል ራሱ ያሰናክለዋል፤ መኪናው ባለቤቱ ቀበቶ አስሮ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሆልድ የሚያመጣው የሚባለው ጉድ አንዳንዴ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ያለው በመቆሙ ሳይሆን በመነሳቱ ላይ ነው፤ ክርክሩ ያልደረሰበትም ይህ ነው። ሆልድ ሲጠፋ አውቶማቲክ መኪናን በጠባብ ቦታ የምናንቀሳቅሰው ፍሬኑን ቀስ እያልን በመልቀቅ ነው፤ እግራችን ከፍሬኑ አይርቅም። ሆልድ ሲበራ ይህ መንገድ ይዘጋል። አንድ ክንድ ወደፊት ለመጠጋት እንኳ መስጫውን መርገጥ ግድ ነው፤ የተያዘው መኪና ሲለቀቅ ደግሞ አንዳንዴ ዘለል ይላል። ግድግዳና ሰው አጠገብ ባለበት ጋራዥ ውስጥ እግርን ከመስጫ ወደ ፍሬን ደጋግሞ ማመላለስ ፔዳል ለመሳሳት በር ይከፍታል።

ፔዳል መሳሳት ተራ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የቶዮታ መኪኖች በራሳቸው ይፈተለካሉ የሚለው አቤቱታ በተስፋፋበት ጊዜ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የናሳን መሐንዲሶች ጨምሮ አስመርምሯል። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ችግሩን የሚያስረዳ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አልተገኘም። የሚጣበቅ ፔዳልና ፔዳሉን የሚይዝ ምንጣፍ ቀድሞም የታወቁ ምክንያቶች ነበሩ። ከተመረመሩት የአደጋ መቅጃዎች በብዙዎቹ ግን ፍሬን ጨርሶ አልተረገጠም ነበር። ምርመራው ስለ ሆልድ አልነበረም፤ የሚያሳየው ግን ልምድ ያለው እግርም እንደሚሳሳት ነው። እንግዲያው የትኛው ልማድ እግርን ያለ ፍላጎት ወደ መስጫው እንደሚወስድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ሆልድ ይብራ ወይስ ይጥፋ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከፊት ባለው ቦታ ይወሰናል። በትራፊክ መብራት፣ በዳገት፣ ረጅም ቆሞ በሚጠበቅበት ሰልፍ ከፊት ለመነሻ የሚሆን ቦታ ስላለ ይብራ። ፓርክ ሲደረግ፣ ከግቢ ሲወጣ፣ ሰልፉ በክንድ እየተለካ ሲንቀሳቀስ ይጥፋ፤ እግርም ወደ ፍሬኑ ይመለስ። ይህን ለይቶ ማወቅ ከሾፌርነት ሙያ አንዱ ክፍል ነው፤ ሽማግሌው ሾፌር ለጀማሪው ሊያስተምረው የሚገባውም «አጥፋው» የሚለውን ቃል ሳይሆን ይህንን ልዩነት ነው።