የልጁን ኑሮ ማን ይመስክር?

ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ፣ እንቅስቃሴንና የሰውነት አቋምን የሚያውክ ችግር ነው። ይህ ችግር ያለበት ልጅ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ሲለካ የማን ቃል ይያዝ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ልጁ ይጠየቅ

ስፓርክል በተባለው የአውሮፓ ጥናት ተመራማሪዎች በ7 አገሮች ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 818 ልጆች ዘንድ ሄዱ። 500ዎቹ ኪድስክሪን የተባለውን መጠይቅ ራሳቸው መለሱ፤ ስለ ስሜታቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ልጆቹ ስለ ኑሯቸው የሰጡት ግምት በአብዛኞቹ ዘርፎች ከእኩዮቻቸው የተለየ አልነበረም።

ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ሲያልፍ አይቶ “ምስኪን” የሚል መንገደኛ ይህን አይገምተውም። የጉዳቱን ክብደት የመዘገበ ሐኪምም አይገምተውም፤ የጉዳቱ ዓይነቶች ከልጆቹ መልስ ልዩነት ውስጥ ያስረዱት ቢበዛ 3 በመቶውን ነው። ሕመም ግን በሁሉም ዘርፍ ዝቅ ካለ ኑሮ ጋር ተያይዟል። ሕመምን ማስታገስ ይቻላል፤ የት ቦታ እንደሚያመው ግን መጀመሪያ ልጁ መጠየቅ አለበት።

ወላጅስ? በዚያው ጥናት ወላጆች በአብዛኞቹ ዘርፎች ከልጆቻቸው ዝቅ ያለ ግምት ሰጥተዋል፤ ጭንቀት የበዛባቸው ደግሞ ይበልጥ። ፍቅር አንሷቸው አይደለም። የራሳቸው ድካም ከልጁ ኑሮ ጋር ተቀላቅሎባቸው ነው። ልጆቹ ጎረምሳ ሲሆኑ ጥናቱ ተመልሶ ጠየቃቸው። ከእኩዮቻቸው ዝቅ ያሉት በአንድ ዘርፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በጓደኝነት። ያንን ብቸኝነት እናት ቤት ሆና አታየውም።

ያልመለሱት 318 ልጆችስ?

ከ818 ላይ 500 ሲቀነስ 318 ይቀራል። የቀደሙት ጸሐፊ ይህን ቁጥር አላነሱትም። እነዚህ ልጆች ከባድ የአእምሮ ውስንነት ስላለባቸው መጠይቁን ራሳቸው ሊመልሱ አልቻሉም። “ልጁ ይጠየቅ” የሚለው ሐሳብ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል።

እንዲህ ላሉት ልጆች በቶሮንቶ ኡኒ ናራያናን የተባሉት የአጥንት ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሲፒቻይልድ የሚባል መጠይቅ አዘጋጅተዋል። የሚመልሰው ተንከባካቢው ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጁን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር ምን ያህል ከበደ? ሲቀመጥ ያመዋል? ሌሊት ሲተኛስ?

ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ዳሌው የወለቀበት፣ መራመድ የማይችል ልጅ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት እንዲሮጥ ታስቦ አይደለም። ዳይፐሩ ሲቀየር እግሮቹ ያለ ለቅሶ እንዲከፈቱ፣ ወንበሩ ላይ ሳያመው እንዲቀመጥ ነው። ራጅ የአጥንቱን ቦታ ያሳያል እንጂ ለቅሶው መቆሙን አያሳይም። ያንን የምታውቀው በየቀኑ ዳይፐሩን የምትቀይረው እናት ናት።

የወላጅ ድካም ምስክርነቱን ሊያጠላበት መቻሉ እውነት ነው። ግን ድካሙም የልጁ ኑሮ አካል አይደለም እንዴ? ሌሊቱን ያልተኛች እናት ቀን በምን ጉልበቷ ታነሳዋለች? ከዚህም የሚያሳስበው፣ “ልጆቹ ደስተኞች ናቸው” የሚል አማካይ ውጤት ብቻውን በጀት መዳቢ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የፊዚዮቴራፒው ሰዓትና የወንበሩ ጥገና ለምን አስፈለገ ማለት ቀላል ይሆናል።

መናገር የሚችል ልጅ ይናገር። ማንኪያው ሲቀርብለት ፊቱን የሚያዞረው ልጅ ግን ጠግቦ ይሁን ጉሮሮው አሞት የምትለየው የምታጎርሰው ሴት ናት፤ መጠይቁ ለእሷ ይሰጣት።