ውዱእ ስታደርጉ እግራችሁን እዩት

«የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» የሚል ወሬ አለ፤ ልክ አይደለም። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየውን ውስጥ እግር፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው የሚይዘው። ቦብ ማርሌይ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው።

እኛ እግራችንን ለሶላት በየቀኑ፣ ጣቶቻችን መሃል ሳይቀር እናጥባለን፤ ግን አናየውም። ጥቁር ነጥቡ ከሰፋ፣ ቀለሙ ከተዘበራረቀ ወይም ከደማ «እሾህ ነው» ብላችሁ በምላጭ አትነካኩት። ሳትቆዩ የቆዳ ሐኪም ያየው። የግል ክሊኒክ ውድ ነው፣ አልክድም፤ ለስልክ ስናወጣ ግን እንዲህ አናማርርም። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ ከወራት በኋላ ተመለሱ ቢላችሁም ገንዘብ ፍለጋ አይምሰላችሁ፤ ለውጥ የሚታወቀው በማነጻጸር ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ እንኳ ዛሬ በስልካችሁ፣ አጠገቡ የብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።