ትሉስ ምን በልቶ ነው?

ማር ስንገዛ ሁላችንም መርማሪዎች ነን፡፡ «የምን ማር ነው? የገተም ነው የቡና አበባ?» እንላለን፡፡ ሻጩ መልሶልንም አናምንም፤ በጣታችን ጫፍ ቀምሰን «ይሄ እንኳ ግራዋ ሳይኖርበት አይቀርም» ብለን ፊታችንን እናጨማድዳለን፡፡ ንቧ ምን ቀስማ እንደመጣች ሳንሰማ ብራችንን ከኪሳችን አናወጣም፡፡ «ማር ያው ማር ነው» የሚል ሰው ቢመጣ እንስቅበታለን፡፡

ስለ ሌሎቹ ነፍሳት ሲወራ ግን ይህ ሁሉ ብልጠታችን የት እንደሚገባ አላውቅም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከ1,900 የሚበልጡ የነፍሳት ዝርያዎች በዓለም ላይ እንደሚበሉ የሚገልጽ ሰነድ ካወጣ ወዲህ ነገሩ መነጋገሪያ ሆኗል፡፡ ታይላንድ ውስጥ ፌንጣ ማርባት የገበሬ እንጀራ ከሆነ ቆየ፡፡ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2021 የደረቀ የዱቄት ትል ለሰው ምግብነት እንዲሸጥ ፈቀደ፡፡ ወሬው በሄደበት ሁሉ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል፤ «ነፍሳት በብረት፣ በዚንክና በካልሲየም የበለጸጉ ናቸው» የሚል፡፡

እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ትሉ አይደለም፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት፡፡

ካልሲየሙን እንይ፡፡ ፌንጣና የዱቄት ትል አጥንት የላቸውም፤ ካልሲየማቸውም ከፎስፈረሳቸው በብዙ ያንሳል፡፡ ይህን እንሽላሊት የሚያረቡ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፡፡ ፌንጣ ብቻ የሚቀለብ እንሽላሊት አጥንቱ ይለሰልሳል፡፡ ስለዚህ ፌንጣውን ለእንሽላሊቱ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ሁለት ቀን ካልሲየም የበዛበት መኖ ያበሉታል፡፡ የፌንጣው ካልሲየም ወዲያው ከፍ ይላል፡፡ ግን የት ነው ያለው? በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ ሳይሆን አንጀቱ ውስጥ ነው፡፡

ቀልዱ እዚህ ጋ ይጀምራል፡፡ በአውሮፓ ሕግ መሠረት የዱቄት ትል ከመገደሉ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት መጾም አለበት! አንጀቱ እንዲጸዳ ነው፤ ለንጽህና ተገቢ ነው፡፡ ጾሙ ግን አንጀት ውስጥ የነበረውን ካልሲየምም አብሮ ይጠርገዋል፡፡ ያልጾመ ትል ላይ የተለካን ቁጥር በጾመ ትል ማሸጊያ ላይ የጻፈ ነጋዴ፣ ቁጥሩን ከኪሱ አላመጣውም፤ እኛ ግን ተታለናል፡፡

«ጥቁር ወታደር ዝንብ» የሚባለው ነፍሳ ትል ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፡፡ ካልሲየምን ቆዳው ላይ እንደ ኖራ ያጋግረዋል፤ ጾም አያራግፈውም፡፡ መኖው ካልሲየም ከበዛበት ትሉም ይበዛበታል፡፡ ዚንክ ላይ ግን እንዲህ አይታዘዝም፤ ሰውነቱ በልኩ ስለሚይዝ መኖው ላይ ስለጨመራችሁ ብቻ ትሉ ላይ በዚያው መጠን አታገኙትም፡፡ ካድሚየም የተባለውን መርዘኛ ብረት ግን ከመኖው ውስጥ እየለቀመ ያከማቻል፡፡ የዱቄት ትልም በአርሰኒክ እንዲሁ ያደርጋል፡፡ እንግዲህ ትሉ የሚያጠራቅመው እኛ የተመኘንለትን ብቻ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ ደረታችንን ነፍተን በፈረንጆቹ እንዳንስቅ የራሳችንን ጤፍ እናስታውስ፡፡ «ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው» እያልን ስንኮራ ኖረናል፡፡ ከዚያ ብረት ውስጥ ብዙው ግን አውድማ ላይ ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ አፈር እንደሆነ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፡፡ ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የጎደለው «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው፡፡

«ለተራበ ሰው ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ይብላና ይኑር» የሚል ወዳጅ አለኝ፡፡ እኔ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው እላለሁ፡፡ ነፍሳትን ብሉ እየተባለ የሚመከረው ብረትና ዚንክ ያጣ ሕፃን ያላት እናት ናት፡፡ የጠገበ ሰው ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይጎዳል? ነገ ሌላ ነገር ይበላል፡፡ ያቺ እናት ግን ባላት ጥቂት ብር የገዛችው ያንን ቁጥር ነው፡፡

«እኛ ትል አንበላ፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል፡፡ ዶሮ ግን እንበላለን፡፡ እንቁላልም እንበላለን፡፡ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የከተማ ቆሻሻ ለጥቁር ወታደር ዝንብ ትል እየተቀለበ፣ ትሉ ደግሞ የዶሮና የዓሣ መኖ እየሆነ ነው፡፡ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ቆሻሻ ይቀንሳል፣ መኖ ይረክሳል፡፡ የመኖ ዋጋ ወገቡን ለቆረጠው የእኛ ዶሮ አርቢም መልካም ዜና ነው፡፡ እኔም ወደ አገራችን በሰፊው ቢገባ ደስ ይለኛል፡፡

ግን እስቲ አዲስ አበባን አስቡ፡፡ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለሙ አትክልቶች ላይ ካድሚየምና እርሳስ መገኘቱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፡፡ ከገበያ የተጣለው ጎመን ትሉን ሲቀልብ፣ ትሉ ካድሚየሙን ሲያጠራቅም፣ ዶሮዋ ትሉን ስትለቅም… ከዚያ በኋላ ማን ማዕድ ላይ እንደሚደርስ እናንተው ጨርሱት፡፡ አውሮፓ ለእርባታ ነፍሳት ፍግና የወጥ ቤት ትርፍራፊ እንዳይሰጥ የከለከለችው ትል ስለምትጠየፍ አይደለም፡፡ ትሉን እንደ ማንኛውም የእርባታ እንስሳ ስለቆጠረችው ነው፡፡

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፡፡ ትል ወይም ከትል የተሠራ መኖ የሚሸጥ ሁሉ «ምን በልቶ አደገ? ከመገደሉ በፊት ጾሟል ወይስ አልጾመም?» ለሚለው በማሸጊያው ላይ መልስ ይጻፍ፡፡ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም ትሉን ብቻ ሳይሆን የሚቀለበውን ነገር ይመርምሩ፤ ምርመራው ደግሞ ንግዱ ከተስፋፋ በኋላ ሳይሆን ከወዲሁ ይጀመር፡፡ አንድ ጊዜ ሺህ አርቢ ከገባበት በኋላ ደንብ ማውጣት ምን ያህል ጣጣ እንዳለው አገራችን ታውቀዋለች፡፡

ለማር ሻጩ የምናቀርበውን ጥያቄ ለትል ሻጩም እናቅርብለት፡፡ ንብም እኮ ነፍሳት ናት!