«ትልቅ እሳት ቶሎ ያበስላል» ለሚሉ ወገኖች

ወገኖች፤

እዚህ ካኩማ በየጎጆው የሚነገሩ፣ ማገዶ የሚፈጁና የእኅቶቻችንን መንገድ የሚያስረዝሙ ወሬዎች አሉ። በዝምታ ልናልፋቸው አንሻም።

አንደኛው «ትልቅ እሳት ቶሎ ያበስላል» የሚለው ነው። እሳት ማብዛት ውሃው እስኪፈላ ድረስ ያፋጥናል። ከፈላ በኋላ ግን ምንም ያህል ቢማገድ የውሃው ሙቀት አይጨምርም፤ የሚጨምረው በከንቱ የሚተነው እንፋሎት ነው። በዝግታ የሚንተከተከውና እየገነፈለ የሚፈላው ድስት እኩል ይበስላሉ። እንግዲያው እሳቱ ይቀነስ፤ ድስቱም ይከደን።

ሁለተኛው «እርጥብ እንጨት ቶሎ ስለማያልቅ ይቆጥባል» ይላል። ቶሎ የማያልቀው ሙቀቱን የገዛ ውሃውን በማትነን ስለሚጨርስ ነው። ለድስቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው «ቦሎቄ መዘፍዘፍ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ማታ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ከደረቁ ፈጥኖ ይበስላል። የሚጠይቀው ጥቂት ውሃና አንድ ሌሊት ነው።

አራተኛው «ጭሱን ለምደነዋል» ነው። ሳንባ ጭስ አይለምድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከዚህም ሌላ ጭስ ማለት በቅጡ ሳይነድ የሚያመልጥ ማገዶ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን «ማገዶ የሚያልቀው ሴቶች ስለሚያባክኑ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት እንጨት ተሸክመው የማያውቁ ናቸው፤ እኛ መምህራንም ከነሱ መካከል ነን። ስለ ሙቀት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስተምር ኖረን፣ ቤት ስንገባ የበሰለውን እንጂ የነደደውን ጠይቀን አናውቅም።

የሚታደለው ማገዶ በቅቶ አያውቅም፤ ክዳን ብቻውንም አያበቃውም። ሰፈሩ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረ ወዲህ በዙሪያው ያለው ግራር ሲመነጠር ኖሯል። ግራሩ ደግሞ ለቱርካና ጎረቤቶቻችን የፍየል መኖ ነው። እንጨት ለቀማ የወጡ ሴቶች ተደብድበዋል፤ ተደፍረዋልም። በቁጠባ አንድ ጉዞ ቢቀር አንዲት ልጅ ያን ቀን ከዱሩ ፈንታ ትምህርት ቤት ትውላለች።

ስለዚህ ወንዶች ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቦሎቄውን እንዘፍዝፍ፤ እንጨቱን አድርቀን አሳንሰን እንፍለጥ፤ ጉልቻውንም ከነፋስ እንከልል። ይህን ሳንሠራ ስለ ቁጠባ ምክር የመስጠት መብት የለንም።