ሪሞቱ ይቆይና የእጅ ፍሬኑ ይሠራል?

የድሮ ሃይሉክሱ ላይ በሪሞት የሚሠራ ሞተር ማስነሻ ራሱ ሊገጥም ላሰበ ወዳጄ «አትችልም» አላልኩትም። ይቻላል። እንዲያውም የመኪናው አሮጌነት ያግዛል፤ አብዛኞቹ የድሮዎቹ ቁልፍ ውስጥ ቺፕ ስለሌለ ኮምፒውተር ማታለል አይጠበቅብህም። ከባትሪ የሚመጣውን፣ ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያገኘውንና ሞተሪኖውን የሚያዞረውን ሽቦ በመለኪያ ለይተህ፣ ፊውዝ አስገብተህ ታገናኛለህ። ናፍጣ ከሆነ ማሞቂያው ሥራውን እስኪጨርስ ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ ታደርጋለህ። በቃ።

ጣጣው ሽቦው አይደለም፣ አቋቋማችን ነው። ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ማንዋል መኪና የሚያቆም ሰው ምን ያደርጋል? ማርሽ ያስገባል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። የእጅ ፍሬኑማ ከሞተ ቆይቷል! እንግዲህ ጠዋት ቡናህን እየጠጣህ ሪሞቱን ስትጫን ፍሪሲዮን የሚረግጥ የለም፤ ሞተሪኖው መኪናውን ራሱን ይገፋዋል። ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። ፊት ለፊት ኳስ የሚጫወት ልጅ ቢኖርስ?

«ለማንዋል ተብሎ የተሠራ አለ» ትለኛለህ። አዎ አለ። ከማርሽ አውጥተህ፣ የእጅ ፍሬን ስበህ ካልወረድክ አይነሳልህም፤ ከዚያ በኋላ በር ከተከፈተም እምቢ ይላል። ብልህ ዕቃ ነው። ግን መኪናህን ሌሊቱን ሙሉ ለዚያው ለሞተው የእጅ ፍሬን አስረክበህ ልትተኛ ነው።

እኔ ብሆን የሪሞቱን ብር መጀመሪያ ለእጅ ፍሬኑ ገመድና ለኋላ ፍሬን ሸራ አወጣው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ ከቆመልህ፣ ቅዳሜ አብረን እንገጥመዋለን። ኮፈን ሲከፈት እንዳይነሳ የሚያግደውን ማብሪያ ግን እንዳትዘለው፤ እጅህ ቺንጋው ላይ እያለ ሪሞቱን ቤት ውስጥ ልጅህ ሊያገኘው ይችላል።