“ስፖርትን ከፖለቲካ አትቀላቅል” ለሚሉኝ

አንዲት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለችኝ። ገጾቿን በማስመሪያ ለሁለት ከፍያቸዋለሁ። በግራ በኩል የዕለቱን የብስክሌት ውድድር ውጤት እጽፋለሁ፤ ማን ቀደመ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ወደቀ። በቀኝ በኩል ደግሞ ያን ዕለት መንግሥታት ምን ሲሠሩ እንደዋሉ አሰፍራለሁ፤ ማን ተመረጠ፣ ማን ወረረ፣ ማን ካደ። ደብተሯን ያዩ ወዳጆቼ የተማከሩ ይመስል የሚሰነዝሩብኝ ቃል አንድ ነው፤ “እባክህ ስፖርትን ከፖለቲካ አትቀላቅል!”

ወዳጅ ሲለው እስቃለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት አንድ የጋዜጣ አዘጋጅም ይህንኑ ቃል ነገረኝ። በነጻ ጸሐፊነት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ የጻፍኩት ሲቆረጥ የሚቆረጠው ከእንጀራዬም ጭምር ነው። ስለ ቱር ደ ፍራንስ ሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፤ ግራውን አስቀርቶ ቀኙን ጣለው። “ብስክሌቱ ይበቃናል” አለኝ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ ሁሉ መልስ ነው። (ዓመታቱን በተመለከተ፣ የውጭውን በውጭው፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የተጣለው ገጽ ምን ይዞ ነበር? ጁን 30 ቀን 2024 ፈረንሳውያን የምክር ቤት አባላትን ሊመርጡ ወጡ። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣው፣ ስደተኛን በማጥላላት ፖለቲካው የሚታወቀው የማሪን ለ ፔን ፓርቲ ነበር። በማግስቱ ጁላይ 1 የቱር ደ ፍራንስ የሦስተኛው ዕለት ውድድር በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ ተጠናቀቀ፤ አሸናፊውም የአሥመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ሆነ። ከ1903 ጀምሮ ሲካሄድ በኖረው በዚያ ውድድር የአንድን ዕለት ጉዞ በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እርሱ ነው። ጁላይ 6 ደግሞ ኮሎምቤ ሌ ዴ ዜግሊዝ በምትባል ትንሽ መንደር ዳግመኛ አሸነፈ። ይህች መንደር የሻርል ደ ጎል መኖሪያም መቃብርም ናት። በ1960 ተወዳዳሪዎቹ በዚያች መንደር ሲያልፉ ቆመው፣ መንገድ ዳር ለቆሙት ፕሬዚዳንት ሰላምታ ሰጥተው ነበር። ቢንያም በዚያ መንደር ባሸነፈ ማግስት፣ ጁላይ 7፣ ፈረንሳይ ለሁለተኛው ዙር ድምፅ ሰጠች፤ የለ ፔን ፓርቲም ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወረደ።

ቢንያም በማሸነፉ ምርጫው ተለወጠ አላልኩም፤ እንደዚያ የሚል ቢኖር ተረት አውሪ ነው። ያልኩት ግን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ለዚያ ልጅ ያጨበጨበው ሕዝብና በዚያው ሳምንት የምርጫ ወረቀት ይዞ የተሰለፈው ሕዝብ አንድ ነው። ጭብጨባውን ዘግቦ ወረቀቱን የሚጥል ጋዜጣ ግማሽ ዜና ሸጧል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆኗል።

“አትቀላቅል” የሚሉን ሰዎች መነሻቸው፣ ስፖርትና ፖለቲካ ለየብቻ ተወልደው በኋላ እንደ እኔ ያለ ነገረኛ ያደባለቃቸው መሆኑን በማመን ነው። እስቲ የቱር ደ ፍራንስን አወላለድ እንይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ፣ ድሬይፉስ የተባለ አይሁዳዊ መኮንን በሐሰት የስለላ ክስ በመፈረዱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የጊዜው ትልቅ የስፖርት ጋዜጣ ለ ቬሎ ይባላል፤ አዘጋጁ ፒዬር ዢፋር ለድሬይፉስ ይሟገት ነበር። የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ባላባት ደ ዲዮን ደግሞ የተቃራኒው ጎራ ሰው ነው። ተጣሉ። ደ ዲዮንና መሰሎቹ ማስታወቂያቸውን ከለ ቬሎ አንሥተው በ1900 የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቋሙ፤ በአንሪ ዴግራንዥም አዘጋጅነት ሥራ ጀመረ። ለ ቬሎ በአረንጓዴ ወረቀት ይታተም ስለነበር አዲሱ በቢጫ ወረቀት ወጣ። ሎቶ በሚል ስም የታወቀው ይህ ጋዜጣ ገበያው አልሰምር ሲለው፣ አንባቢ ለመሳብ በ1903 አንድ ታላቅ ውድድር ጠራ። ያ ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ነው። በ1919 የመጣው ቢጫ ማልያም ቀለሙ የጋዜጣው ወረቀት ቀለም ነው። ለ ቬሎ ግን በ1904 ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ላለኝ ለእኔ ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይመለከተኛል። ዛሬ “ንጹሕ ስፖርት” እየተባለ የሚወደሰው ውድድር የተወለደው ከፖለቲካ ጠብ፣ ያደገውም በጋዜጣ ገበያ ነው። ታዲያ ማን ነው የቀላቀለው? እኔ?

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። እስከ 2025 ድረስ ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ ያሸነፈው ስሎቬናዊው ታዴይ ፖጋቻር በደረቱ የተሸከመው የማንን ስም ነው? የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን። የስኳር ወይም የሳሙና ፋብሪካ ስም አይደለም፤ የአገር ስም ነው። በ2017 የተቋቋመው ሌላው ቡድን ባሕሬን ይባላል፤ ከጀርባው የንጉሡ ልጅ አለ። አስታና የሚባለው ቡድን በካዛኽስታን የመንግሥት ገንዘብ ቆመ፤ ስሙም የዋና ከተማዋ ስም ነው። መንግሥት በ2019 የከተማዋን ስም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ስም ለውጦ በ2022 ሲመልሰው፣ ማልያው ግን አስታና እንደተባለ ቀጠለ። ከተማዋ ስሟን ጥላ ስታነሣ፣ ብስክሌተኛው ለከተማዋ ስሟን ጠበቀላት!

እነዚህ መንግሥታት ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ብስክሌት ስለሚወዱ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እግዚአብሔር ያጽናው። የሚገዙት መልካም ስም ነው። የእኛ ጎረቤት ሱዳን በ2023 በጦርነት መንደድ ስትጀምር ኤምሬትስ ለአንደኛው ተፋላሚ መሣሪያ ታቀብላለች የሚል ክስ ቀረበ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በ2024 መጀመሪያ ክሱ ተአማኒነት አለው አለ፤ ኤምሬትስ ግን አጥብቃ ክዳለች። ሱዳን በ2025 ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሳት። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ነገር ግን ያንኑ ሰሞን በነጭ ማልያ ላይ የተጻፈውን የአገር ስም ለሦስት ሳምንት በየቀኑ አምስት ሰዓት እያየሁ፣ ስለ አገሪቱ አንዳች ነገር እንዳላስብ ማን ሊከለክለኝ ይችላል? ስሙን ደረት ላይ የጻፉት እነርሱ ናቸው። ማንበብ ብቻ ነው የእኔ ጥፋት።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት፣ በማርች 2022፣ የሩሲያንና የቤላሩስን ቡድኖች አገደ። ጋዝፕሮም የሚባለው ቡድን ፈረሰ፤ ጣሊያናውያን ጭምር የነበሩበት የብስክሌተኛ ስብስብ በውድድር ዘመን መካከል ሥራ ፈታ። በ2025 በስፔን ዙር፣ እስራኤል ፕሪሚየር ቴክ የተባለው ቡድን በጋዛ ጦርነት ምክንያት ተቃውሞ ሲገጥመው ግን፣ ይኸው ኅብረት ስፖርት ለፖለቲካ መሣሪያ መሆኑን አወገዘ፤ የስፔንን መንግሥትም ገሠጸ። ስለ ሩሲያ ትክክል ነበር፣ ስለ እስራኤል ተሳሳተ፣ ወይም በተገላቢጦሽ የሚል ይከራከር፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። በ2022 በፖለቲካ የፈረደ አካል በ2025 “ፖለቲካ አላውቅም” ሊል ግን አይችልም። ሁለቱን ቃል በአንድ አፍ መናገር ከአንገት በላይ ነው።

በዚያ የስፔን ዙር ቢልባኦ ላይ የተጠናቀቀው ዕለት አሸናፊ አልነበረውም። ሴፕቴምበር 14 ማድሪድ ላይ ሊደረግ የነበረው የመዝጊያ ውድድር በሰልፈኛ ብዛት ተቋረጠ፤ አሸናፊው ዮናስ ቪንገጎርና ጓደኞቹም በሆቴል መኪና ማቆሚያ፣ በመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ላይ ቆመው ሽልማታቸውን አከበሩ። በመንገድ ላይ በገቡ ተቃዋሚዎች ሳቢያ የወደቁ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ይህን አልሸፍንም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ሰው ፊት መግባት ተቃውሞ ሳይሆን አደጋ መጥራት ነው። መንግሥት ለሠራው ነገር የአንድ ደሞዝተኛ ትከሻ መሰበር የለበትም። አበው እንደሚሉት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢ “የአውሮፓ ብስክሌት ከእኛ ምን አገናኘው?” ሊለኝ ይችላል። ብዙ አገናኘው። ብስክሌት ወደ ኤርትራ የገባው ከጣሊያን ቅኝ ገዥ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ከኤርትራ የመጡ ብስክሌተኞች የኢትዮጵያን ማልያ ለብሰው ተወዳድረዋል። ዛሬ የዚያው ምድር ልጅ በሌላ ባንዲራ ያሸንፋል። በመካከሉ የፈሰሰውን ደም ማንም ያውቀዋል። ማልያ እየተለወጠ የእግሩ ጉልበት ግን ያው ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናዘዝ። ሜይ 17 ቀን 2022 ቢንያም የጣሊያንን ዙር የአሥረኛ ዕለት ውድድር ሲያሸንፍ፣ ሰፈሬ ባለች ሻይ ቤት ጋሼን ለምኜ ቴሌቪዥኑን ከኳስ ወደ ብስክሌት አስቀይሬ ነበር። አብሮኝ የተቀመጠው የትግራይ ተወላጅ ወዳጄ ነው። እኔ እየዘለልኩ ሳጨበጭብ እርሱ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ እናቱ ስልክ በተቋረጠበት አገር ነበሩ። የኤርትራ ጦር ትግራይ መግባቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ለምክር ቤት አምነዋል። “ባንዲራውን ማየት አልቻልኩም” አለኝ ወዳጄ ቀስ ብሎ።

እኔስ ምን አልኩት? “ተው እንጂ፣ ስፖርትን ከፖለቲካ አትቀላቅል!”

ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ያን ቃል ከአፌ ባወጣሁት ቅጽበት ትርጉሙ ገባኝ። “አትቀላቅል” ማለት “ሕመምህ ደስታዬን እየረበሸው ነውና ዝም በል” ማለት ነው። ይህን ቃል የተጎዳ ሰው ተናግሮት አላውቅም። ሁልጊዜ የሚናገረው የተመቸው ነው፤ የሚነገረውም ለታመመው ነው። ደብተሯን የገዛሁት በማግስቱ ነው።

በግራ ገጽ የጻፍኩት አንዱ ስም የጽጋቡ ግርማይ ነበር። የትግራይ ልጅ ነው፤ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። አንድ ዓመት የባሕሬንን ማልያም ለብሷል። በጦርነቱ ጊዜ እርሱ አውሮፓ ላይ ሲወዳደር የትውልድ አገሩ ስልክ ተቆርጦ ነበር። የውጤት ሰንጠረዡ ግን ስሙንና ሰዓቱን ብቻ ይነግረናል። ቀኝ ገጽ ለሌለው አንባቢ፣ ጽጋቡ ያን ዓመት አንድ ተራ ብስክሌተኛ ነው።

ወዳጄ ቢንያምን እንዲጠላ አልፈልግም፤ እርሱም አልጠላውም። “ልጁ ምን አደረገ? ፔዳል ነው የመታ” ብሎኛል በኋላ። ትክክል ነው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለማልያው ባለቤት እንጂ ለእግሩ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው መቅረብ አለበት። በ2025 መጨረሻ ቢንያም የፈረመው፣ ያው የስፔኑ የተቃውሞ ቡድን ስሙን ቀይሮ ስዊዘርላንድ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ስም ሲለወጥ ጥያቄውም ይሞታል ብለው ላሰቡ፣ በደብተሬ ቀኝ ገጽ የቀድሞው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ አይጠፋም። ስለ ቢንያም ግን በግራ ገጽ ማጨብጨቤን እቀጥላለሁ።

በሴፕቴምበር 2025 የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ፣ ሲካሄድ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። በዚያው ዓመት ጃኑዋሪ፣ ሩዋንዳ ትረዳዋለች የሚባለው፣ እርሷም የምትክደው ኤም 23 የኮንጎዋን ጎማ ይዞ ነበር፤ የአውሮፓ ፓርላማም ሩዋንዳ አካሄዷን ካላስተካከለች ውድድሩ እንዲሰረዝ ጠይቆ ነበር። ደስታዬ እውነት ነው፤ ሐፍረቴም እውነት ነው። አንዱን በአንዱ መሰረዝ አልቻልኩም፤ መሰረዝም የለብኝም። ለዚህ ነው ገጹ ሁለት የሆነው።

ቴሌቪዥኑን ዝጉ አልልም። ቴሌቪዥን መዝጋት ቀላል ነው፤ ማንንም አይጠቅምም። እየተመለከታችሁ ደረቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ ነው የምለው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ “አትቀላቅል” ከማለታችሁ በፊት “ምን ሆነህ ነው?” በሉት። እኔ ያን ጥያቄ ያልጠየቅኩበትን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለጋዜጣው አዘጋጅም አንድ ቃል አለኝ። የጣልከው ገጽ ከሌላ ቦታ አልመጣም፤ ከዚያው ውድድር ነው የመጣ። በሚቀጥለው ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ሲጀመር ሁለት ገጽ ይዤ እመጣለሁ። ወይ ሁለቱንም አትም፤ ወይ ሁለቱንም መልስልኝ።

ቸር እንሰንብት።